ዝምተኛው ተቆጣጣሪ፦ የኒው ላናርኩ ሮበርት ኦወን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ በየስድስት ወሩ የምትሞላ አንዲት ቅጽ አለች። ስሟ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። አንድ ሰሞን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ትባላለች፣ ሌላ ሰሞን ግምገማ። ቢ.ፒ.አር. ሲመጣ ሌላ ልብስ ለበሰች፣ ቢ.ኤስ.ሲ. ሲመጣ ደግሞ ዓምዶቿ በዙ። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ያው ነው፤ አንድ ሰው የሌላውን ሰው ሥራ አይቶ ነጥብ ይሰጣል። በዚያች ነጥብ ጭማሪ ይገኛል፣ ዕድገት ይታለፋል፣ ሲብስም እንጀራ ይቆረጣል። ሕግ ያጠናን ሰዎች ከዚህች ቅጽ ጋር የምንተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ፣ ከአቤቱታ ጋር በማስረጃነት ተያይዛ ስትመጣ ነው። ያን ጊዜ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ነጥቡን ማን ሰጠ? በምን አይቶ? ሠራተኛው ሳይሰማ ነው ወይስ ተሰምቶ? ነጥብ ሰጪውንስ ማን መዘነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ከ200 ዓመት በፊት በአንድ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ አስቦባቸው የነበረ ሰው አለ። የመጀመሪያው እሱ ነው ብሎ መማል ባይቻልም፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ውሎ በየዕለቱ መዝኖ በመዝገብ ማስፈርን ሥርዓት ካደረጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። ስሙ ሮበርት ኦወን ይባላል። ዓለም የሚያውቀው በሶሻሊስትነቱና በኅብረት ሥራ ማኅበራት አባትነቱ ነው። ዛሬ ግን የምናነሣው በአሠሪነቱ ነው፤ ምክንያቱም ከአስተሳሰቦቹ ሁሉ በየቢሯችን ጠረጴዛ ላይ የቀረችው የዚያች ፋብሪካ ነገር ናትና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦወን በሜይ 14 ቀን 1771 ዌልስ ውስጥ ኒውታውን በምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪና የብረታ ብረት ዕቃ ሻጭ ነበር። ከሰባት ልጆች ስድስተኛው ነው። ትምህርቱን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሞላው አቆመ፤ በአሥር ዓመቱ ብቻውን ለንደን ወዳለው ታላቅ ወንድሙ ተላከ። ከዚያም ስታምፎርድ በምትባል ከተማ ማክጉፎግ ከሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ማክጉፎግ ደግ ሰው ነበር። መጻሕፍት ስለነበሩት ልጁ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት እንዲያነብ ፈቀደለት። የኦወን ዩኒቨርሲቲ ይኸው የጨርቅ ሱቅ ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የገባበት ሱቅ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ለንደን ድልድይ አጠገብ የነበረው ይህ ሱቅ ገበያተኛው የበዛ፣ ፋታ የማይሰጥ ነበር። ሻጮቹ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆመው ይውላሉ፤ በገበያው ወቅት ደንበኛው ከሄደ በኋላ የተዘረጋውን ጨርቅ ሁሉ አጥፈው ቦታው ሲመልሱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ኦወን በስተርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ወደ መኝታው ሲወጣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ራሱን እየጎተተ እንደነበር ያስታውሳል። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነው። ሰዎችን የሚያስተዳድር ሰው አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ ደረጃ ላይ ራሱን ቢጎትት መልካም ነበር እላለሁ፤ ብዙዎቹ ግን ሥራ የጀመሩት ከላይኛው ፎቅ ነው።

ከለንደን ወደ ማንቸስተር ሄደ። ማንቸስተር ያን ጊዜ በጥጥ ያበደች ከተማ ነበረች። ወጣቱ ኦወን ከወንድሙ 100 ፓውንድ ተበድሮ ከአንድ ሰው ጋር የመፍተያ ማሽን ሥራ ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ ለብቻው ሆነ። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ድሪንክዎተር የሚባል ሀብታም የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ ለቆበት ሌላ እንደሚፈልግ በጋዜጣ አወጣ። ኦወን ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ዕድሜው ሲጠየቅ በመጪው ሜይ 20 እንደሚሞላው ተናገረ። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሰክርም ተጠየቀ፤ ጥያቄው ለዚያ ዘመን ሥራ አስኪያጆች ተገቢ ሳይሆን አይቀርም። ኦወን በዕድሜው ሰክሮ እንደማያውቅ ሲመልስ ፊቱ በእፍረት ቀላ። ደመወዝ ሲጠየቅ 300 ፓውንድ በዓመት አለ። ድሪንክዎተር ደነገጠ፤ የዚያን ዕለት ጧት የመጡት አመልካቾች ሁሉ የጠየቁት ቢደመር ያን ያህል አይሆንም ነበርና። ልጁ ግን በራሱ ሥራ የሚያገኘው ያንኑ ያህል መሆኑን በመዝገብ አሳየውና ተቀጠረ።

በዚህ ሁኔታ 500 ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት የሚሠሩበትን፣ አብዛኛውንም መሣሪያ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ፋብሪካ ተረከበ። ያደረገውን ልብ በሉ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀጥተኛ ትእዛዝ አልሰጠም። ከሁሉ በፊት ይገባል፣ ከሁሉ በኋላ ይወጣል፣ ሲጠየቅ አዎን ወይም አይደለም ይላል፣ ያያል። በሰባተኛው ሳምንት ማዘዝ ጀመረ። በእኛ አገር አዲስ ኃላፊ በተሾመ በሳምንቱ አዲስ መዋቅር ሲያወጣ የለመደ ሰው ይህን ስድስት ሳምንት ሲያነብ ትንሽ ቅናት ቢጤ ሳይሰማው አይቀርም።

ድሪንክዎተር በሥራው በጣም ስለተደሰተ በጽሑፍ ውል ገባለት፤ ለሁለተኛው ዓመት 400፣ ለሦስተኛው 500 ፓውንድ፣ በአራተኛው ዓመት ደግሞ ከትርፉ ሩብ ይዞ ሸሪክ እንዲሆን። ጊዜው ሲደርስ ግን ኦልድኖው የሚባል ታላቅ ነጋዴ የድሪንክዎተርን ልጅ ሊያገባ ሆነና በሥራው ውስጥ ባዕድ ሸሪክ አልፈልግም አለ። ድሪንክዎተር ኦወንን አስጠርቶ የፈለገውን ያህል ደመወዝ ጠርቶ የሸሪክነቱን ነገር እንዲተውለት ለመነው። ኦወን ውሉን በኪሱ ይዞት ነበር። አውጥቶ እሳት ውስጥ ጨመረውና ሥራውንም ለቀቀ። ማንም የሕግ ሰው ይህን አይመክርም! ያ ወረቀት ከትርፍ ሩብ የሚያሰጥ ሰነድ ነበር። ሰውዬው ግን በማይፈለግበት ቤት ውል ቆጥሮ መቀመጥን አልወደደም።

ከዚያ በኋላ የቾርልተን ኩባንያ ሸሪክና አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሠራ ለንግድ ወደ ግላስጎው ይመላለስ ጀመር። በዚያም ካሮላይን ዴል ከምትባል ወጣት ጋር ተዋወቀ። አባቷ ዴቪድ ዴል በ1780ዎቹ አጋማሽ በክላይድ ወንዝ ፏፏቴ አጠገብ፣ ኒው ላናርክ በተባለ ቦታ፣ ታላላቅ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎችን የተከለ ሰው ነው። ኦወን ልጅቱን ለማግባት አባትየውን የሚያነጋግርበት ምክንያት ቢያጣ ፋብሪካውን ልግዛ ብሎ ሄደ። ቀልድ የሚመስለው ነገር እውነት ሆነና በ1799 እሱና ሸሪኮቹ ኒው ላናርክን በ60,000 ፓውንድ ገዙ፤ ገንዘቡም በ20 ዓመት የሚከፈል ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ካሮላይንን አገባ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1800 አስተዳደሩን ተረከበ።

እንግዲህ ዋናው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። በኒው ላናርክ 2,000 ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ 500 የሚሆኑት ከኤዲንበርግና ከግላስጎው የድሆች መጠለያዎች የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ዴል ለዘመኑ ደግ አሠሪ ነበር፤ ልጆቹን በደንብ ያበላና ያለብስ ነበር። ቢሆንም የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር ውሎ ማታ ትምህርት ሲቀመጥ ከእንቅልፍ በቀር የሚማረው ነገር የለም። አዋቂዎቹም ቢሆኑ ሌላ ሥራ ያጡ፣ ከደጋማው ስኮትላንድ የተፈናቀሉ ሰዎች ነበሩ። ስካርና ስርቆት የዕለት ነገር ነበር። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ፋብሪካ ዲሲፕሊን የሚጠበቀው በምን ነበር? ባብዛኛው በጠፍር ነው። ካቦው ሲናደድ ይገርፋል፣ ሲደሰት ያልፋል። የሠራተኛው የዕለት ዕጣ በካቦው የዕለት ቁጣ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ኦወን ዱላንም ስድብንም ከለከለ። ስርቆቱን በተመለከተ ሰው ከማሰር ይልቅ የዕቃ አያያዝና የመዝገብ ሥርዓት ዘርግቶ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እንዲታወቅ አደረገ። ስርቆቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ እንደ እሱ አገላለጽ አንድም ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ። ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቅጠር ተወ። የመንደሩ ሱቅ ጥሩ ዕቃ በዋጋው ገደማ እንዲሸጥ አደረገ። ሠራተኞች ከደመወዛቸው ከ60 አንድ እጅ እያዋጡ ለሕመምና ለእርጅና የሚሆን ፈንድ ነበራቸው።

በጠፍሩ ፋንታ የተተካችው ግን ሌላ ነገር ነበረች። ቁመቷ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ፣ አራት ጎን ያላት ትንሽ እንጨት ናት። አንደኛው ጎን ጥቁር፣ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ቢጫ፣ አራተኛው ነጭ ተቀብቷል። እንጨቷ በእያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ቦታ ጎልታ እንድትታይ ሆና ተሰቀለች። ወደፊት የዞረው ቀለም የሠራተኛውን የትናንት ጠባይ ይናገራል። ጥቁር መጥፎ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቢጫ ጥሩ፣ ነጭ እጅግ በጣም ጥሩ ማለት ነው። ኦወን ዝምተኛው ተቆጣጣሪ ብሎ ሰየማት። በየክፍሉም የጠባይ መዝገብ ተቀመጠ። ከአንድ እስከ አራት ያለው ቁጥር ከእሑድ በቀር በየቀኑ በየሰው ስም ትይዩ ይጻፋል፤ አንዱ መዝገብ ሁለት ወር ያገለግልና በሌላ ይተካል፣ በዓመት ስድስት መሆኑ ነው። አንድ ሰው በፋብሪካው እስከቆየ ድረስ የእያንዳንዱ የሥራ ቀኑ ጠባይ ተጽፎ ይገኛል።

ኦወን በፋብሪካው ውስጥ ሲያልፍ አይናገርም። እንጨቷን ያያል፣ ሰውየውን ያያል፣ ያልፋል። በጻፈው ታሪክ ላይ ቀለሟን ከደመወዝ ጋር አያይዞ አያነሣትም። መጀመሪያ ላይ ጥቁሩ በዝቶ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ጥቁሩ በሰማያዊ፣ ሰማያዊው በቢጫ እየተተካ፣ በመጨረሻም ነጩ እየበረከተ ሄደ ይላል።

እዚህ ላይ የዘመናችን የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሊስቁ ይችላሉ። ሰው በቀለም ይመዘናል እንዴ? ለነገሩ እነሱም የሚሠሩት ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ሰማያዊውን መካከለኛ፣ ቢጫውን ከፍተኛ ብለው ጠሩት እንጂ። እኔን ግን የሚገርሙኝ ቀለሞቹ ሳይሆኑ ከቀለሞቹ ጀርባ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው።

ምዘናው የዕለት ነው። በሰኞ የተሠራው ስህተት ማክሰኞ ይታያል፤ ረቡዕ ሊታረም ይችላል። በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ የሚሞላ ቅጽ የሚመዝነው የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ነው። አለቃው የመስከረሙን በታኅሣሥ አያስታውሰውም፤ የሚያስታውሰው ባለፈው ሳምንት የተጣላውን ነው።

ደግሞም መዛኙ ይመዘናል። ካቦዎቹ የሠራተኞቹን እንጨት ያዞራሉ፤ የካቦዎቹን እንጨት ደግሞ የፋብሪካው ዋና ኃላፊ ያዞረዋል። ጥቁርና ነጭ ለበታች ብቻ የተፈጠረ አልነበረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአቤቱታው መንገድ ነው። ካቦው ፍርድ አጉድሎብኛል የሚል ወንድም ሆነ ሴት ቁጥሩ በመዝገብ ከመግባቱ በፊት ለኦወን፣ እሱ ከሌለ ለፋብሪካው ዋና ኃላፊ ቀርቦ መናገር ይችላል። ከመግባቱ በፊት! አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ቃል ላይ እባክህ ትንሽ ቆይ። በሕግ ትምህርት ቤት ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም የሚለውን መርህ ስንማር ከፍርድ ቤትና ከመንግሥት ባለሥልጣናት ጋር ብቻ እናያይዘው ነበር። በግል ፋብሪካ ውስጥ፣ ለማሽን ሠራተኛ፣ ያውም የሠራተኛ ማኅበር በእንግሊዝ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ይህ መብት በአሠሪው በራሱ ተሰጠ። ዛሬ ስንት መሥሪያ ቤት ነው ሠራተኛው ነጥቡን ቀድሞ አይቶ ተከራክሮ የሚፈርምበት? ስንቱስ ፈርም ሲባል ፈርሞ ነጥቡን በኋላ ያየ?

ኦወን እንዲህ ያለው አቤቱታ ከስንት አንዴ ነው የመጣው ብሎ ጽፏል። ይህን እንደ ፍትሐዊነት ምስክር ነው የሚቆጥረው። እኔ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አቤት የሚል መጥፋቱ ሁልጊዜ በደል መጥፋቱን አያሳይም። በኒው ላናርክ ሠራተኛው የሚኖርበት ቤት የአሠሪው ነው፣ የሚሸምትበት ሱቅ የአሠሪው ነው፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤትም የአሠሪው ነው። እንዲህ ባለ መንደር ውስጥ ለጌታው በጌታው ሹም ላይ አቤት ማለት ቀላል አይደለም። ኦወን ቤቶቹ በንጽሕና መያዛቸውን የሚያይ ኮሚቴ አቋቁሞ በየሳምንቱ ሲያስጎበኝ ሴቶቹ በጣም ተቆጥተው ጎብኚዎቹን ትኋን አዳኞች የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ሰው በቤቱም በሥራውም ሲመዘን መተንፈሻ ያጣል።

ደግሞ ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለ። የኦወን ፍልስፍና ዋና ምሰሶ የሰው ጠባይ በራሱ ምርጫ ሳይሆን ባደገበትና በሚኖርበት ሁኔታ ይቀረጻል የሚል ነው። ይህ ከሆነ ጥቁሩ ቀለም የማን ነው? ልጁ በሥራው ላይ ያንቀላፋው ቀኑ ስለረዘመበት ከሆነ፣ መዞር የነበረባት የልጁ እንጨት ናት ወይስ ሰዓቱን የወሰነው ሰው? ለኦወን ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ሰዓቱንም እያሳጠረው ሄዷል። በ1816 የምግብ ሰዓት ሳይቆጠር የሥራው ቀን 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ደርሶ ነበር፤ በሌሎች ፋብሪካዎች 13ና 14 ሰዓት በሚሠራበት ጊዜ። ቢሆንም እንጨቷ የተሰቀለችው ከሠራተኛው ዘንድ እንጂ ከሰዓቱ ዘንድ አልነበረም። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዴሚንግ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ የዓመታዊ ነጥብ አሰጣጥን አጥብቆ ሲቃወም ያነሣው ይህንኑ ነበር፤ ችግሩ የአሠራሩ ሆኖ ሳለ ነጥቡ ግን ለሰውየው ይሰጣል።

የሆነው ሆኖ ሠራተኞቹ ለብዙ ዓመት አላመኑትም ነበር። ባዕድ ነው፣ ከደቡብ የመጣ ነው፣ አዲስ ነገር የሚያበዛው የበለጠ ሊያሠራን ነው ይሉ ነበር። ልባቸው የተከፈተለት በእንጨቷ አይደለም። በ1807 መጨረሻ አሜሪካ በአውሮፓ ጦርነት ምክንያት ወደ ውጭ የሚጫነውን ዕቃዋን አገደች፤ የጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ሠራተኞች ተበተኑ። ኦወን ማሽኖቹን አቆመ፤ ሰዎቹን ግን አልበተነም። ማሽኑን እያጸዱና እየጠበቁ እንዲቆዩ አድርጎ ለአራት ወር ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ከ7,000 ፓውንድ በላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው በኒው ላናርክ ሰዉ የእሱን ነገር መስማት የጀመረው። የምዘና ሥርዓት ቀርጸን እናምጣላችሁ የሚሉ አማካሪዎች ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። መተማመን በሌለበት ቤት ማናቸውም ቅጽ የክስ ወረቀት ነው።

ሠራተኞቹ ተመዘኑ፣ ካቦዎቹም ተመዘኑ። ኦወንንስ ማን መዘነው? ሸሪኮቹ ነበሩ፤ የእነሱ እንጨት ደግሞ አንድ ጎን ብቻ ነበረው፣ እሱም የትርፍ ድርሻ ነው። ትምህርት ቤት ልሥራ ሲል እኛ ነጋዴዎች ነን፣ ትምህርት ቤት ምን አገባን አሉት። የመጀመሪያዎቹ ተለወጡ፣ ሁለተኛዎቹም ያው ሆኑ። በ1813 መጨረሻ ነገሩ ከርሮ ፋብሪካው በሐራጅ እንዲሸጥ ተወሰነ። ሸሪኮቹ ኦወን ብቻውን አቅም የለውም ብለው በርካሽ ሊያስቀሩት አስበው ነበር። እሱ ግን በምስጢር ሌሎች ሸሪኮች አሰባስቦ ነበር፤ ከእነሱም መካከል የሕግ ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታምና የኩዌከር ሃይማኖት ተከታዩ ዊሊያም አለን ይገኙበታል። እነዚህ በካፒታላቸው ላይ 5 በመቶ ካገኙ የቀረው ትርፍ ለሠራተኛው ጥቅም እንዲውል ተስማምተው ነበር። ፋብሪካው በ114,100 ፓውንድ በእጃቸው ገባ። ዜናው ሲሰማ የመንደሩ ሰው ወጥቶ ፈረሶቹን ከሠረገላው ፈትቶ ኦወንን ራሱ እየጎተተ አስገባው። የቀድሞዎቹ ሸሪኮች ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ሲሠራ ባለፉት አራት ዓመታት ከ5 በመቶው ወለድ በላይ 160,000 ፓውንድ ትርፍ መገኘቱን ኦወን ጽፏል። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተነሣው በኪሳራ አልነበረም ማለት ነው።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1816 የጠባይ ማነጫ ተቋም ብሎ የሰየመው ሕንፃ ተከፈተ። ከመራመድ ጀምሮ ያሉ ሕፃናት ይቀበል ነበር፤ በብሪታንያ ከመጀመሪያዎቹ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በዚያ ዱላ የለም፣ ሽልማትም የለም። ዘፈንና ጭፈራ አለ። ጎብኚው ከያገሩ ጎረፈ፤ የሩስያው ልዑል ኒኮላስ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው፣ ከመጡት አንዱ ነው።

ኦወን በመንደሩ የሠራውን ለአገሩ ሁሉ ሕግ ለማድረግ በ1815 ተነሣ። የሕግ ረቂቁ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ በየትኛውም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይቀጠር፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ከ10 ሰዓት ተኩል በላይ እንዳይሠራ፣ ይህንንም ደመወዝ ተከፍሏቸው የሚከታተሉ ተቆጣጣሪዎች እንዲኖሩ ይጠይቅ ነበር። የፋብሪካ ባለቤቶች ተነሡበት። ስሙን የሚያጠፋ ወሬ ለመልቀም እስከ ላናርክ ድረስ የሄዱም ነበሩ። በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ፤ ከሕፃናቱ ጉዳይ ይልቅ ስለ ሃይማኖቱ ነበር የሚያፋጥጡት። በ1819 የወጣው ሕግ በመጨረሻ ለጥጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ፣ ዕድሜው ወደ 9 ወረደ፣ ሰዓቱ ከ16 ዓመት በታች ላሉት ወደ 12 ወጣ። ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ ከነጭራሹ ተሰረዙ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከአጠገቡ ተቆጣጣሪ ተሰቅሎበት ሳለ፣ ባለቤቶቹ ግን ለአገሩ ሁሉ አንድ ተቆጣጣሪ እንኳ አንቀበልም አሉ። የመጀመሪያዎቹ አራት የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች የተሾሙት በ1833 በወጣው ሕግ ነው። የሕግ ባለሙያዎች እንደምናውቀው ሕግን መግደል የፈለገ ሰው ሁልጊዜ አይቃወመውም፤ ይደግፈውና አስፈጻሚውን ያወጣበታል።

ከዚህ በኋላ የኦወን ሕይወት እየሰፋም እየቀጠነም ሄደ። በ1817 ለንደን ላይ በሕዝብ ፊት ሃይማኖቶችን ሁሉ አጥብቆ ነቀፈ፤ ብዙ ወዳጆቹን በአንድ ቀን አጣ። ኩዌከሮቹ ሸሪኮቹም በ1824 የትምህርት ቤቱን ጭፈራ አስቀሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስም እንዲገባ አስገደዱ። እሱ ቀድሞውንም ልቡ ሸፍቶ ነበርና በ1825 መጀመሪያ አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ኒው ሃርመኒ የምትባለውን መንደር ከነመሬቷ ገዛ። ሁሉም እኩል የሚኖርባት ማኅበር ልትሆን ነበር። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ሠሪው ጥቂት፣ ተናጋሪው ብዙ ሆነ። ማን ሠራ፣ ማን በላ የሚለው ጭቅጭቅ በየቀኑ ነበር። በ1827 ሙከራው ፈረሰ፤ ኦወን ከሀብቱ አብዛኛውን እዚያ ቀበረ። በኒው ላናርክ ቁጥጥር ያበዛው ሰው በኒው ሃርመኒ አባላቱን እንኳ ሳይመርጥ አስገብቶ ራሱ ለወራት ወደ እንግሊዝ ሄዶ ነበር። ሰውዬው ስድስት ሳምንት በዝምታ ማየቱን የት እንዳስቀረው እንጃ።

በ1832 ለንደን ላይ የከፈተው የጉልበት መለዋወጫ ገበያም እንዲሁ ነው። ሠሪው ዕቃውን ያመጣል፣ የፈጀበት ሰዓት ይገመትና በሰዓት የሚቆጠር ወረቀት ይሰጠዋል፣ በወረቀቱ የሌላውን ዕቃ ይወስዳል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነበር። ግን ሰው የሚፈልገው ዕቃ ቶሎ እየወጣ የማይፈልገው መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ ብዙ ሰዓት የፈጀ ሁሉ ብዙ አይጠቅምምና። በ1834 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የመራው ግዙፍ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረትም በወራት ውስጥ ተበተነ። በሌላ በኩል ደግሞ በ1844 ሮችዴል ላይ የኅብረት ሥራ ሱቅ ከከፈቱት ሠራተኞች መካከል የእሱ ተከታዮች ነበሩበት። እሱ ራሱ ለሱቅ ነገር ብዙም ግምት አልነበረውም፤ ዘላቂ ሆኖ የቀረው ግን ያ ነው።

ልጆቹ አሜሪካ ቀሩ። ሮበርት ዴል ኦወን የኮንግረስ አባል ሆነ፣ ዴቪድ ዴል ኦወን ስመ ጥር የሥነ ምድር ተመራማሪ። አባትየው በስተርጅናው ከሙታን መናፍስት ጋር እንገናኛለን ከሚሉት ጋር ገጠመና ወዳጆቹን አሳዘነ። በ1857 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ የእንጨቷን ነገር በዝርዝር ያወቅነው ከዚያ ነው። በ1858 መኸር ላይ በ87 ዓመቱ ሊቨርፑል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ሊናገር መድረክ ላይ ወጣ፤ ጥቂት ተናግሮ ደከመውና ተሸክመው አወረዱት። ትንሽ ሲሻለው ከሰባ ዓመት በላይ ሳይኖርባት ወደቆየችው ወደ ኒውታውን እንዲወስዱት ጠየቀ። በኖቬምበር 17 ቀን፣ ከተወለደበት ቤት አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ አረፈ። በአሮጌው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከወላጆቹ ጎን ተቀበረ።

የኒው ላናርክ ፋብሪካ እስከ 1968 ድረስ ሲሠራ ቆይቶ ተዘጋ። መንደሩ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚ ዛሬም ፏፏቴውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሠራተኞቹን ቤቶች፣ ባለ አራት ቀለሟንም እንጨት ያያል።